ጆሮ ማህሙድን ከወፍጮ አይለይም

 

«ዶክተር፣ ኮንሰርት ገብቼ ከወጣሁ ጀምሮ ጆሮዬ ጭው ይላል። በራሱ ይተወኛል ወይስ ልታከም?» ይህ ጥያቄ በዓል ባለፈ ቁጥር በውስጥ መስመር ይመጣልኛል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹም አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ «ግን እኮ ስንት ዓመት የጠበቅኩት ዘፋኝ ነው፤ ከፊት ካልቆምኩ ምን ዋጋ አለው?»

ይገባኛል። ስለዚህ ዛሬ በአንድ መስመር መልሼ ከማልፈው ሰፋ አድርጌ ልጻፍበት። «ኮንሰርት አትሂዱ» የሚል ምክር እዚህ ገጽ ላይ አታገኙም፤ እኔም እሄዳለሁ። የምነግራችሁ የምትወዱትን ድምፃዊ ዛሬ ሰምታችሁ፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደገና መድረክ ላይ ሲወጣም መስማት እንድትችሉ ነው። ዘፋኝ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። የሞተ የጆሮ ሕዋስ ግን አይመለስም።

የናፈቅነውን ዘፋኝ ስናይ ሰውነታችን ምን ይሆናል?

ከወጣትነታችን ጀምሮ የምናውቀው ዜማ ሲጀመር ቆዳችን ይሸመቅቃል፣ ፀጉራችን ይቆማል፣ አንዳንዴም እንባ ይመጣል። ይህ ተራ ስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በካናዳ የተሠራ ጥናት ሰዎች የሚወዱት ሙዚቃ ጫፍ ላይ ሲደርስ አንጎላቸው ዶፓሚን የተባለውን የደስታ ንጥረ ነገር እንደሚለቅ አሳይቷል። ምግብ ስንበላና የጓጓንለትን ነገር ስናገኝ የሚሠራው ያው መንገድ ነው። በተጨማሪ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜያችን የሰማነው ሙዚቃ ከሌላው ዘመን ሙዚቃ ይልቅ በማስታወሻችን ጠልቆ ይቀራል። አባቶቻችን «የድሮ ዘፈን ነው ዘፈን» የሚሉት ዝም ብለው አይደለም።

በእኛ አገር ደግሞ መጠበቅ የሙዚቃችን ታሪክ አካል ነው። ኃይሉ መርጊያን አስቡት። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ እስኪመጣም መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን እያወጣ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው አልበም በ2013 እንደገና ሲታተም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። በወጣትነቱ የሰሙት ሰዎች እንደገና ሊያዩት ሲመጡ ስንቶቹ ድምፁን እንደ ድሮው ሰምተውት ይሆን? እንደ ሐኪም ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን በቅርብ ሰው ያየሁት ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ማህሙድ አህመድ በ83 ዓመቱ አዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን አቀረበ። በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፍኖ፣ ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ጋር ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት የወሰደ ሰው ነው። እኔም ከአጎቴ ጋር ከሙዱላ ተነሥተን ሄድን። (የእሳቸውን ነገር እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።)

የአጎቴ ጆሮ

አጎቴ 65 ዓመታቸው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የቀን ሥራ ሲሠሩ ማህሙድን መድረክ ላይ አንድ ጊዜ አይተውታል። ያን ምሽት እስከ ዛሬ ያወሩታል። በኋላ ወደ ሙዱላ ተመልሰው ወፍጮ ቤት ገቡ፤ 28 ዓመት ሙሉ በቆሎና ጤፍ ሲያስፈጩ ኖሩ። ወፍጮው የናፍጣ ነበር። ክፍሉ ጠባብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ለጆሯቸው መከላከያ የሰጣቸው ሰው አልነበረም።

ቤተሰቡ «ጋሼ ድሮም ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት» ይላል። ቴሌቪዥኑ መጨረሻ ድረስ ይከፈታል። ስልክ ላይ «እ? እ?» ይበዛል። ለቅሶ ቤት ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲያወራ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አይመልሱም። ሰዉ ዝምተኛ ሆኑ ይላል። እውነቱ ግን አለመስማት ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሞንታርቦው አጠገብ መቆም ፈልገው ነበር። «ቀረብ ካልኩ ጥርት ብሎ ይሰማኛል» አሉኝ። ራቅ ብለን መሀል ላይ እንድንቆም ለመንኳቸው። የጆሮ መድፈኛ ሳወጣላቸውማ ሳቁብኝ፦ «ልሰማ ይህን ያህል መንገድ መጥቼ ልድፈነው?» በመጨረሻ እሺ አሉኝ።

ማህሙድ ሲወጣ ሕዝቡ አብሮት ሲዘፍን አጎቴ አጨበጨቡ፣ እስክስታም ሞከሩ፣ አለቀሱም። ስንወጣ ታዲያ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ማህሙድን አየሁት። ድምፁንም ሰማሁት። ቃሉ ግን ከአፉ ሲወጣ ይበተንብኛል። ዘፈኑን ከእሱ ሳይሆን ከራሴ ውስጥ ነው የሰማሁት።»

ይህን ያሉት ሕክምና ሳይማሩ ነው። ግን የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለውን ነገር ነው የነገሩኝ። ላስረዳችሁ።

ጆሮ ውስጥ ምን አለ?

በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ኮክልያ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። በእያንዳንዱ ኮክልያ ውስጥ 15 ሺህ ገደማ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተሰልፈዋል። ድምፅ ሲመጣ ይወዛወዛሉ፤ ንቅናቄውን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ቀይረው ወደ አንጎል ይልካሉ። ኃይለኛ ድምፅ ሲመታቸው፣ ነፋስ እንዳጋደመው ጤፍ ይተኛሉ። ምቱ ቀለል ያለ ከሆነ ተመልሰው ይቆማሉ። ከበረታ ወይም ከተደጋገመ ግን ይሞታሉ። ቆዳ ሲቆረጥ ይድናል፣ አጥንት ሲሰበር ይጠገናል፤ እነዚህ ሕዋሳት ግን በሰው ልጅ ላይ እንደገና አይበቅሉም።

መጀመሪያ የሚጎዱት ቀጭን ድምፅ የሚሰሙት ናቸው። በመለኪያ ስንመረምር ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርዝ ባለው ክልል፣ በተለይ 4,000 አካባቢ፣ ጉድጓድ የመሰለ መቀነስ እናያለን። ይህ በኑሮ ሲተረጎም ምን ማለት ነው? የአናባቢ ድምፅ ወፍራምና ጉልበታም ስለሆነ ይሰማል። እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ ያሉት ቀጭን ድምፆች ግን ይጠፋሉ። «ሰማ» ይሁን «ሸማ»፣ «ፈራ» ይሁን «ሠራ» አይለይም። ሰውየው «ድምፅህን እሰማለሁ፤ ምን እንዳልክ ግን አልገባኝም» ይላል። አጎቴ «ቃሉ ይበተንብኛል» ያሉት ይህንን ነው። ቀሪውን አንጎላቸው ከትዝታ ሞላው። ዘፈኑን ስለሚያውቁት «ከራሴ ውስጥ ሰማሁት» አሉ። አዲስ ዘፈን ቢሆን ኖሮ ባዶውን የሚሞላ ነገር አልነበራቸውም።

በኋላ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ላክኋቸው። ምርመራው የጠረጠርነውን አረጋገጠ፤ ሁለቱም ጆሮ በዚያው ክልል ተጎድቷል። ዕድሜ ድርሻ አለው፤ የ28 ዓመቱ ወፍጮ ግን ትልቁን ድርሻ ይዟል።

ፋብሪካው መድረክ ላይ ሲወጣ

አንዳንዶቻችሁ «ወፍጮ ጩኸት ነው፤ ሙዚቃ ግን ደስ የሚል ነገር ነው፤ እንዴት እኩል ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

በውጭ አገር ኢንዱስትሪያል የሚባል የሙዚቃ ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 እንግሊዝ ውስጥ ትሮቢንግ ግሪስል የተባለ ቡድን ኢንዱስትሪያል ሬከርድስ የሚል የራሱን አሳታሚ አቋቋመ፤ የሙዚቃው ስም ከዚያ ተያያዘ። በ1980 በርሊን ላይ የተመሠረተው አይንሽቱርዘንደ ኖይባውተን ደግሞ ቆርቆሮ፣ ብረትና መሰርሰሪያ ማሽን ሳይቀር መድረክ ላይ አውጥቶ ተጫወተባቸው። ዛሬም የዚህ ሙዚቃ ወዳጆች ከብዙ ዓመት በኋላ የሚወዱትን ቡድን እንደገና ለማየት አገር አቋርጠው ይሄዳሉ። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው «ታዲያ እኛ ያንን ወፍጮ ቤት በነፃ ስንሰማው ነው የኖርነው» ብለው አሳቁኝ።

ቀልዱ ውስጥ ግን ትልቅ ቁም ነገር አለ። ደስታና ጥላቻን የሚለየው አንጎል ነው። ኮክልያ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ድምፁ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነና ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ። ማህሙድ ይሁን ወፍጮ፣ የንግሥ መዝሙር ይሁን የብረታ ብረት ቤት መፍጫ፣ ለፀጉር መሰሉ ሕዋስ ሁሉም ምት ነው። እንዲያውም ሙዚቃ አንድ ተጨማሪ አደጋ አለው፤ ስለምንወደው አንሸሸውም። ከወፍጮ ቤት ሰው ቶሎ ይወጣል፤ ከኮንሰርት ግን «ይደገም!» ይላል።

ምን ያህል ድምፅ ለምን ያህል ጊዜ?

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ጆሮ የሚችለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። የአሜሪካው የሥራ ቦታ ጤና ተቋም ለሠራተኞች በቀን የሚመክረው ጣሪያ ይህን ይመስላል፦

85 ዴሲቤል፦ 8 ሰዓት
88 ዴሲቤል፦ 4 ሰዓት
91 ዴሲቤል፦ 2 ሰዓት
94 ዴሲቤል፦ 1 ሰዓት
97 ዴሲቤል፦ 30 ደቂቃ
100 ዴሲቤል፦ 15 ደቂቃ

ኮንሰርት ላይ 100 ዴሲቤል ብርቅ አይደለም። የሦስት ሰዓት ኮንሰርት ደግሞ 180 ደቂቃ ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ ሰንጠረዥ ለዓመታት በየቀኑ ለሚሠራ ሰው የወጣ ነው፤ በዓመት አንድ ቀን የሚሄድ ሰው እንደ ወፍጮ ሠራተኛ አይጎዳም። ነገር ግን የእኛ የከተማ ልጆች ጆሮ በዓመት አንድ ቀን አይደለም የሚመታው። ጠዋት ኤርፎን፣ ታክሲ ውስጥ ሙዚቃ፣ ማታ ደግሞ ሰርግ ወይም ክለብ ነው። ሁሉም እዚያው ላይ ይደመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በአደገኛ የማዳመጥ ልማድ ምክንያት የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ ነው የሚለው ለዚህ ነው።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለኮንሰርት ቦታዎች መመዘኛ አውጥቷል። የ15 ደቂቃ አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ድምፁ እንዲለካ፣ ለታዳሚው የጆሮ መድፈኛ እንዲቀርብ፣ ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታም እንዲኖር ይመክራል። በየከተማችን ኮንሰርትና ሰርግ የምታዘጋጁ ቤተሰቦቻችን፣ ይህን ብታነቡት ደስ ይለኛል።

«ጭው» ማለት ምን ማለት ነው?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ከኮንሰርት በኋላ ጆሮ ጭው ማለቱና የታፈነ መምሰሉ ሕዋሳቱ እንደተመቱ ይነግረናል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ውስጥ ይተዋል። «ተወኝ፣ ዳንኩ» ማለት ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በእንስሳት ላይ የተሠሩ ጥናቶች መስማት ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላም ሕዋሱን ከነርቭ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ሊበጠስ እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ ጉዳት በተራው ምርመራ አይታይም። የሚታወቀው ቆይቶ ነው፤ ካፌ ውስጥ ወይም ሰርግ ላይ፣ በጫጫታ መሀል ጓደኛ የሚለው አልሰማ ሲል።

በሚቀጥለው ኮንሰርት ምን ላድርግ?

1. ከሞንታርቦ ራቁ። ሜዳ ላይ ርቀታችሁን እጥፍ ስታደርጉ ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ቅነሳው ያንሳል፤ ቢሆንም ይጠቅማል። ከድምፅ ተቆጣጣሪው ባለሙያ አጠገብ መቆም ደግሞ ጥሩ ዘዴ ነው። ድምፁ የሚስተካከለው ለዚያ ቦታ ስለሆነ ጥርት ብሎ ይሰማል።

2. የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ስፖንጅ መሰሉ ርካሽ ነው፤ ፋርማሲ ወይም የግንባታ ዕቃ መደብር ጠይቁ። በጣት ጠቅልላችሁ አቅጥኑት፣ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ አስገቡት፣ እስኪነፋ ያዙት። በትክክል ከገባ ከ15 እስከ 30 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሙዚቃውን አይዘጋውም፤ ያለዝበዋል። ጥጥና ሶፍት ግን በቂ መከላከያ አይደሉም።

3. ጆሯችሁን አሳርፉ። በየሰዓቱ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ወጣ ብላችሁ ውሃ ጠጡ፣ አየር ውሰዱ።

4. በክንድ ርቀት ሞክሩ። አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለጋችሁ ድምፁ ከ85 ዴሲቤል በላይ ነው ብላችሁ ውሰዱት። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ብትጭኑ ግምቱን ታያላችሁ።

5. በማግስቱ ጾም አውሉት። ከኮንሰርት በኋላ ባለው ቀን ኤርፎን አታድርጉ፤ ሌላ ጫጫታ ቦታም አትሂዱ።

6. ልጆችን አስቡ። ሕፃን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ የልጅ ጆሮ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ሞንታርቦ አጠገብ ልጅ አቅፎ መቆም ይቅር።

ሐኪም ጋ መቼ ልሂድ?

አንድ ጆሮ በድንገት ካልሰማ አትጠብቁ። «ኩክ ይሆናል፣ ነገ ይለቀኛል» አትበሉ። ድንገተኛ የመስማት ማጣት አስቸኳይ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታከመ የመዳን ዕድሉ ይጨምራል። በዚያው ቀን ሐኪም ይያችሁ። ጭውታው ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ፣ ማዞር፣ ሕመም፣ መግል ወይም ደም ካለውም እንዲሁ። እባካችሁ ክብሪት፣ ቁልፍ ወይም የሞቀ ዘይት ጆሮ ውስጥ አታስገቡ። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ነገሩን ታባብሱታላችሁ።

ጆሮን የሚጎዱ መድኃኒቶችም አሉ። ጄንታማይሲን የተባለው መርፌ አንዱ ነው። ሲታዘዝላችሁ ከዚህ በፊት የመስማት ችግር ካለባችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ያለ ትእዛዝ ደግሞ በጭራሽ አትወጉት።

ወፍጮ ቤት፣ ብረታ ብረት ቤትና እንጨት ቤት ለምትሠሩ

ኮንሰርት የምትሄዱት በዓመት አንዴ ቢሆን እንኳ ጆሯችሁ በየቀኑ ኮንሰርት ላይ ነው። የጆሮ መሸፈኛ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ እንደ ጓንት የሥራ ዕቃ ነው። ባለቤቶች ግዙላቸው። ሠራተኞች ጠይቁ። በየሰዓቱ ተራ እየተቀያየራችሁ ብትወጡ እንኳ ለውጥ አለው።

ቤታችሁ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚያስጮህ፣ ስልክ የሚሸሽ፣ ብዙ ሰው ያለበት ቦታ ዝም የሚል አባት፣ እናት ወይም አጎት ካለ «ዕድሜ ነው» ብላችሁ አትተዉት። የላንሴት ኮሚሽን በመካከለኛ ዕድሜ የሚጀምር የመስማት መቀነስን፣ ሊስተካከሉ ከሚችሉ ዋና ዋና የመርሳት በሽታ አጋላጮች መሀል አስቀምጦታል። ያልሰማ ሰው ከጨዋታ ይወጣል፤ ከጨዋታ የወጣ አንጎል ደግሞ ሥራ ይፈታል። አስመርምሯቸው። ኩክ ብቻ ሆኖ በአሥር ደቂቃ የሚፈታም አለ። ካልሆነ የመስሚያ መሣሪያ አለ፤ የሞተውን ሕዋስ አያስነሣም፣ ግን ቃሉን ይሰበስባል። እስኪገኝ ድረስ ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ ሳትጮሁ፣ ረጋ ብላችሁ አናግሯቸው። ጩኸት ቃሉን ይበልጥ ያበላሸዋል።

ለማጠቃለል

ዘፋኞቻችንን እንወዳቸዋለን፣ እንናፍቃቸዋለን፣ ከዓመታት በኋላ ሲመጡም አገር አቋርጠን እንሄዳለን። ሂዱ! ዝፈኑ፣ ጨፍሩ፣ አልቅሱ። ግን ትኬት ስትገዙ የጆሮ መድፈኛውንም አብራችሁ ግዙ። ከአሁን ሠላሳ ዓመት በኋላ ያው ድምፃዊ የስንብት ኮንሰርት ሲያዘጋጅ፣ ዜማውን ከትዝታ ሳይሆን ከአፉ እንድትሰሙት እመኛለሁ።

የሚቀጥለውን ኮንሰርት ለሚጠብቅ ጓደኛችሁና ወፍጮ ቤት ለሚሠራ ዘመዳችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ እንደተለመደው ጊዜ ሳገኝ እመልሳለሁ።

ጤና ይብዛላችሁ!
ሐኪማችሁ፣ ከሙዱላ